ከእህል ክፍሉ የሚሰማው እሹሩሩ

ዛሬ ጥቅምት 14 ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም... ሰው ፊት ማውራትም ይከብደኛል። ግን ለማን ልናገር? እኔ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እህቴን እትዬንም ያውቋታል።

ዛሬ ቀትር ላይ ደጅ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። የከተማችንን የሽንፋን ቀትር የምታውቁ ታውቁታላችሁ... ውሻ እንኳ አይጮህም። ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ከእህል ክፍሉ ውስጥ «እሹሩሩ... እሹሩሩ...» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

ስሰማው ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ቤታችን ውስጥ ሕፃን የለም። ያለነው እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩ ብቻ ነን። ባሏ የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ስለሆነ እርሻው ላይ ነው የሚያድረው።

እትዬ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው። ከዚህ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ሰው «ሾተላይ አለባት፣ ልጆቿን እሱ ነው የሚበላባት» ይላል። ስለዚህ እኛ ቤት ለሚመጣው ልጅ ጨርቅ አይዘጋጅም፣ «ሲወለድ» ተብሎም አይወራም። ሾተላይ ከሰማ ቀድሞ መጥቶ ይጠብቃል ይባላል።

የተመከረው እንዲህ ነው። ልጁ እንደተወለደ በር ላይ ይጣላል። ባለሱቋ ሐጃ ዘሀራ ያልፉና «ወድቆ አገኘሁ» ብለው ያነሱታል። ከዚያ የሳቸው ልጅ ይባላል፣ እትዬ አጥቢ ብቻ ትሆናለች። ሾተላይም የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋዋል።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር... ዓምና ሁለተኛው ልጅ ሊወለድ ሲል፣ እትዬ ትከናነበው ከነበረው አሮጌ የሱዳን ቶብ ላይ ቀድጄ ትንሽ ቢጫ ቆብ ሰፋሁ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ፣ ተደብቄ ነው የሰፋሁት። ልጁ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ቆቡን እህል ክፍሉ ውስጥ ከጆንያዎቹ ጀርባ ወሸቅኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብዬ የእትዬን ዓይን አላየሁም።

ሸሕዲ ሆስፒታል ያለችው አዋላጅ እትዬን መርምራ «ደምሽ ከልጁ ደም ጋር አይስማማም። ልጁ እንደተወለደ መታከም አለበት፣ ቤት እንዳትወልጂ። ቀንሽ ሳይደርስ መጥተሽ እኛ ጋ ቆዪ» ብላት ነበር። «የልጁንም ልብስ ይዘሽ ነይ» አለቻት። እትዬ ልብስ የሚለውን ስትሰማ ሳትሄድ ቀረች። ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈ።

ዛሬ ጠዋት ሳሙና ልገዛ ሐጃ ዘሀራ ሱቅ ሄድኩ።

«እህትሽ እስካሁን አልሄደችም?» አሉኝ።

«አልሄደችም።»

«ምን እስክትሆን ነው የምትጠብቀው?»

«የልጅ ልብስ ያዢ ስላሏት ነው... ሾተላይ እንዳያውቅባት።»

ሐጃ ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ጣሉት። «ሾተላይ ኬላ ላይ ነው እንዴ የሚሠራው፣ ሻንጣ የሚፈትሸው? ንገሪያት! እኔ እንደሆንኩ ሸሕዲ ድረስ ሄጄ ልጁን አነሳዋለሁ። የሆስፒታል በር፣ በር አይደለም?»

እየሳቅኩ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን ለእትዬ መናገር አቃተኝ።

ከዚያ ቀትር ሆነ። ድምፁ መጣ።

እትዬ ወደተኛችበት ጥላ ዞር ስል... አልጋው ባዶ ነው። ሄጄ የእህል ክፍሉን በር ገፋሁት።

እትዬ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ቢጫውን ቆብ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች።

«ነይ ግቢ፣ አንቺ ቀጥ ያለ ስፌት የማታውቂ!» አለችኝ።

ፊቴ ነደደ። «እትዬ... እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኳት።

ቆቡን ከጭኗ አነሳች።

«ለመጀመሪያዋስ ማን ሰፋላት? ክር እንኳ አልተገዛላትም። እሷስ ለምን ሄደች?»

በዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ አላሰብኩም።

«ያኔ ባገኘው ኖሮ አድርጌለት እቀብረው ነበር» አለች ቆቡን እየዳበሰች። «ምንም የራሱ የሆነ ነገር ሳይኖረው ነው የሄደብኝ።»

ሁለታችንም አለቀስን። ሲበቃን አፍንጫዬን ጠርጌ፣ ልቧን ላቅልላት ብዬ «ደግሞ አታስደንግጪኝ እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ገብተሽ ስታንጎራጉሪ በፍርሃት አለቅኩ» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ዛሬ ገና ነው የገባሁት... ድምፅ ሰምቼ። አንቺ መስለሽኝ ከጆንያዎቹ ጀርባ ስፈልግሽ ነው ቆቡን ያገኘሁት።»

«አሁንስ አላንጎራጎርሽም?»

«አፌን አልከፈትኩም።»

ሁለታችንም ጆንያዎቹን አየን። ሰሊጥ ነው... ሌላ ምንም የለም። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

እትዬ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። «ልጄን እዚህ ቤት አልወልድም» አለች።

«ልጄ» ስትል ዛሬ ገና ሰማኋት።

ማታ ላይ ልብሷን በፌስታል አስሬ ጨረስኩ። ሐጃም «እመጣለሁ» ብለዋል። ነገ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሸሕዲ እንሄዳለን። ቢጫውን ቆብ ግን አልያዝኩትም... እዚያው ጆንያው ላይ ተውኩት። ባለቤት አለው።

ለሚመጣው፣ ነገ መኪናው ላይ ሌላ እሰፋለሁ። ሳልደበቅ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ... ስፌቱ ቢጣመምም ይጣመም።