ባዶ ገመድ ላይ ቢጫ ሻሽ

«ሻሹን ትናንት ሰቀልነው፤ የልጅቷ እናት አላዩትም። እንጻፍበት እያልኩሽ ነው!» አልኳት። በእጄ የከሰል ስባሪ ይዣለሁ፤ ጣቶቼ ጠቁረዋል።

«ምን ብለሽ ልትጽፊ?»

«‹ልጅዎ እዚህ ናት› ብዬ።»

«ማንበብ ለማይችሉ እናት?» አለች። «ፊደሉን የሚያነበው በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ነው። አንቺ ገጣሚ፣ ቃል የማያክመው በሽታ ያለ አይመስልሽም አይደል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የምከራከራት ዲዛይነር ናት፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰርግ ካርድና የኮንፈረንስ ባነር ትሠራ ነበር። ወደዚህ እስር ቤት ያመጣት ለአንድ ደንበኛ የሠራችው ባነር ነው። እኔን ያመጣኝ ሐይቅ ዳር አንድ ካፌ ውስጥ ያነበብኩት ግጥም። የምንከራከርላት ልጅ ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከከተማው ዳር ካለችው ከቱላ የመጣች ናት፤ ወደ ግቢው እንዳትወጣ ተከልክላለች። እናቷ በየቀኑ ምሳ ይዘው ይመጣሉ፤ «እዚህ የለችም» ይባላሉ፤ ምሳውን እንደያዙ ይመለሳሉ።

ከበሩ ምግብ የሚቀበሉልን የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ ነበሩ፤ ጠና ያሉ ሴት። በር ላይ አንድ ቃል ከተነፈሱ የሁላችንም ምግብ እንደሚመለስ ተነግሯቸዋል። ያን ዕለት ሳህኖቹን አስቀምጠው ልጅቷን እያዩ፣ «እናትሽ ነገም ካጡሽ ሻሸመኔ ሄደው ሊፈልጉሽ ነው። ለፖሊሱ ሲነግሩት ሰማሁ» አሉ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሻሹን የመስቀል ሐሳብ የዲዛይነሯ ነበር። የግቢው በር ፍርግርግ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመዱ ከውጭ ይታያል። ቢጫውን ሻሽ ለልጅቷ የገዙላት እናቷ ናቸው፤ የትም ቢያዩት አይስቱትም። እኛ ደግሞ እናግዝ ብለን ያለንን ሁሉ አጥበን ከጎኑ ሰቀልን። ቀይ ሹራብ፣ አረንጓዴ ፎጣ፣ አበባ የፈሰሰበት ቀሚስ። የተቸገረ ሰው ብቻውን አይተውም ብለን ነው ያደግነው፤ የተቸገረች ሴት ሻሽም እንደዚያው መሰለን። ገመዱ ሰርግ ቤት ሆነ። እናቷ በፍርግርጉ አሻግረው ሲያዩ ቆዩና ሄዱ።

«ቆሎ ያላት አለች?» አለች ዲዛይነሯ ክርክራችንን አቋርጣ።

አንዷ ፌስታሏን ፈታች። ዲዛይነሯ ጥቁር ብርድ ልብስ አነጠፈች፤ እፍኝ ገብስ በተነችበትና መሐሉ አንዲት ሽምብራ ጣለች።

«ሽምብራዋን አግኙልኝ።»

ተንጋግተን ጎንበስ አልን። አንዷ ስታገኛት ሌላዋ «የታለች?» ትላለች። ከዚያ ዲዛይነሯ ገብሱን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ዳር ሰበሰበችው። ሽምብራዋን ግን አልነካቻትም።

እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። ሽምብራዋ ያው ናት፤ ማንም ቀለም አልቀባትም፤ ከነበረችበትም ፈቀቅ አላለችም። ግን አደገች። ከጥቁሩ ብርድ ልብስ ላይ ዓይናችንን ትስበው ጀመር። ሌላ ቦታ ልይ ብዬ ብሞክር እንኳ ዓይኔ ተመልሶ እሷ ላይ ያርፍ ነበር።

«ባዶ ቦታ ትራፊ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው» አለች። «ደንበኞቼ ‹እዚህ ጋ ባዶ ነው፣ አንድ አበባ ጨምሪበት› ይሉኛል። ሁሉ ከጮኸ ማን ይሰማል?»

እኔ ግጥም ስጽፍ ጸጥታ ያለበትን ስንኝ ሁሉ በቃል የምደፍን ሰው ነበርኩ። ከሰሉን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩ።

«እንግዲያው ነገ ማንም አያጥብም» አሉ ካቦዋ።

«እትዬ፣ ነገ እኮ የእጥበት ተራችን የሚያበቃበት ቀን ነው!» አለች ባለ አበባ ቀሚሷ። «ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ትናንት ባላጠብኩት ልብስ ልሰነብት? የእኔን እናት ሻሽ አያስፈልጋቸውም፤ በጠረኔ ያገኙኛል።»

«ያግኙሻ፤ ምን ከፋሽ?» አሏት። እሷም ስቃ ተስማማች።

በማግሥቱ ካቦዋ ሻሹን ብቻ ይዘው ወጡ። ዲዛይነሯ እንደነገረቻቸው ወደ በሩ አስጠግተው፣ የሐይቁ ንፋስ እንዳይጠቀልለው ሁለቱን ጫፍ በመቆንጠጫ ያዙት። ከኋላው ግራጫ የሲሚንቶ ግንብ ብቻ ነበር። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ የሐይቅ ወፍ ቆሞ ያያል። እኛ በበራችን ስንጥቅ በተራ አጮለቅን። የእኔ ተራ ላይ እናቷ ደረሱ።

«እማማ፣ የለችም አልንዎት እኮ» አላቸው ፖሊሱ።

ሊዞሩ ሲሉ ዓይናቸው ወደ ግቢው ገባ። ልክ የእኛ ዓይን ሽምብራዋ ላይ እንዳረፈው አረፈ። ቆሙ። አልጮኹም፤ በጣታቸውም አላመለከቱም። የምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጡና አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ይነሱ እንጂ!»

«ልጄ ሳትበላ አልሄድም» አሉ። «እዚህ ናት።»

ስንጥቁን ለልጅቷ ለቀቅኩላት። ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ «አማ» አለች በቋንቋቸው፤ እናቴ ማለት ነው።

ዛሬ ማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽፋን እሠራለሁ። ግጥሞቼም አጥረዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ገጽ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን ገመድ ነው። ያ ገመድ የእናቷን ዓይን እንዳሳረፈው ዓይን የሚያሳርፍ ገጽ እስካሁን አልሠራሁም፤ አንድ ቀን ብሠራ ይበቃኛል።

ያን ቀን፣ የግንቡ ጥላ ገመዱን ካለፈ በኋላ የክፍላችን በር ተከፈተ። እናቷ አሁንም አልተነሱም ነበር።

«የቱላዋ! ምሳሽን ተቀበዪ» አለ ፖሊሱ። «ፍጠኚ።»

ልጅቷ ግን አልፈጠነችም። ከጀሪካኑ ውሃ ቀድታ ፊቷን ታጠበች። ጸጉሯን በጣቶቿ አበጠረች፤ የቀሚሷን ጠርዝ አቃናች። እግር መዘርጊያ በሌለበት በዚያ ወለል ላይ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሴቶቹ ሁሉ እግራቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ከጥጉ እስከ በሩ ባዶ መሬት ተከፈተ። ልጅቷ ብቻዋን መሐሉ ላይ ቆመች፤ ዓይናችን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ።

ቀና ብላ ተራመደች፤ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።