ያለ ወረቀት እንሻገራት የነበረችው ወንዝ

ባለፈው ሰሞን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሻሿን ስታራግፍ የሱዳን ሽቶ ሸተተኝ፤ ያ ከባድ፣ ጣፋጭ፣ ራስ የሚያዞር ሽታ። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ እንባዬ መጣ።

በጃንሆይ ዘመን ብዙ የእስቴ ገበሬ ገብሱን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ ለጥጥ ለቀማ ሱዳን ይወርድ ነበር። አባቴም በየዓመቱ ጥምቀትን አክብሮ ከጎረቤታችን ከጋሼ አዳነ ጋር ይሄድና ለዳግማይ ትንሣኤ ይመለሳል። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። የወሰኗ ወንዝ በጋ ላይ ትደርቃለች፤ የሁለቱም አገር ሰው በገበያ ቀን ፍየሉን እየነዳ ይሻገራታል፤ ጠባቂዎቹም ከሰላምታ በቀር የሚጠይቁት እንደሌለ አባቴ እየሳቀ ይነግረን ነበር። ሲመለስ ለእናቴ አንድ ብልቃጥ ሽቶ ያመጣላታል። እሷ ተቀብታ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አንዱ ዲያቆን ቅዳሴው መሃል ያስነጥሰውና ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ።

አሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፤ አባቴ አልመጣም። በግንቦት ጋሼ አዳነ ብቻውን መጣ። መንግሥታቱ ተኳርፈው ወሰኑ ተዘግቷል፤ የይለፍ ወረቀት የሌለው አያልፍም። ጋሼ አዳነ በዱር ዞሮ ሲወጣ፣ አባቴ ወባ ጥሎት መራመድ አቅቶት ማዶ ቀርቷል።

እናቴ የዚያኑ ዕለት ስንቅ ቋጥራ፣ ታናሽ ወንድሜን ለአክስቴ ሰጥታ፣ እኔን ይዛ ተነሣች። የእግሩና የጭነት መኪናው መንገድ ተደባልቆብኛል። የማስታውሰው የቆላውን ሙቀት፣ የከንፈሬን መሰንጠቅ፣ እናቴ አንዴም አለማልቀሷን ነው።

ስንደርስ ወንዟ እንደ ደረቀች ነበረች፤ ስፋቷ ከቤታችን እስከ አውድማችን ቢሆን ነው። ማዶ፣ ዛፍ ሥር፣ ሰዎች ተኝተዋል። አንዱ በሁለት ሰው ተደግፎ ሲቆም በጋቢው አወቅሁት እንጂ በፊቱስ አላወቅሁትም።

እናቴ ወደ አሸዋው ልትወርድ ስትል ጠባቂው በጠመንጃው አገዳት።

«ወረቀት አለሽ?»

«ባሌ ነው እኮ! ይኸው ይታያል!»

«ታዝዤ ነው፣ እኅቴ» አለና ፊቱን አዞረ።

እናቴ ወደ ማዶ ጮኸች፤ «አንቱ! እህል ይቀምሳሉ?»

«እቀምሳለሁ!» ውሸቱን እንደሆነ እኔ እንኳ ገባኝ። «ልጅቱን ከፍ አድርጊልኝ፣ ልያት!»

እግሬ ጉልበቷ ጋ እየደረሰ አነሣችኝ።

«አድጋለች!» አለ። «ዝናቡ ሳይጥል እመጣለሁ፤ በሬውን እንዳትሸጪው!»

ሦስት ቀን እንዲህ ተጯጯህን። በአራተኛው ጠዋት ዛፉ ሥር የሚቆም ጠፋ፤ ሰዎቹ መቆፈር ጀመሩ። እናቴ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆማ፣ ስሙ ሳይጠራ እንዳይቀበር፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች፤ «ክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው! ወልደ ሚካኤል በሉት!»

በሁለተኛው ዓመት ወሰኑ ተከፈተ። ለምን እንደተዘጋ፣ ለምን እንደተከፈተ ለእስቴ ሰው የነገረው የለም። እናቴ ብቻዋን ወርዳ መቃብሩን ፈለገች፤ ቦታው ማሽላ ተዘርቶበታል። ተመልሳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና፣ «ምንም ሳይጠይቁ አሳለፉኝ» አለች።

አሁን የአባቴን ድምፅ ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ ከማዶ የጮኸው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ፣ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ሲያወራ ምን ይመስል እንደነበር ጠፍቶብኛል።