የተዋበች ወገብ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፤ መጠጤን፣ ምላሴን፣ በጉብዝናዬ ወራት የሠራሁትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይተሳሰርና «ሌላ የለም አባቴ» ብዬ መስቀል እሳለማለሁ። ለነፍስ አባቱ የሚዋሽ ሰው ምን ይባላል? እናንተው ስም አውጡለት።

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ አንድ የአምቡላንስ ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ተዋበችም ድሬሰር ነበረች፤ በአንድ ፈረቃ ነው የምንሠራው። ያኔ የእንጦጦን ዳገት መኪናችን ግማሹን ብቻ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ቃሬዛ ይዞ በእግር ነው። ምጥ የያዛት፣ ከባሕር ዛፍ ላይ የወደቀ፣ ሁሉም በድሬሰርና በሹፌር ትከሻ ነው የሚወርደው። ተዋበች አቋራጩን ሁሉ ታውቀዋለች። በሽተኛ ሲያቃስት ታዋራዋለች፤ ደም ስታይ እጇ አይንቀጠቀጥም። እኔስ? እኔ ደም ሳይ ፊቴን የማዞር ድሬሰር ነበርኩ።

አንድ ክረምት ጭቃው አንሸራተታትና ቃሬዛውን አልለቅም ብላ ወደቀች። በሽተኛው ምንም አልሆነም። የእሷ ወገብ ግን ከዚያ ወዲህ አልቃና አለ። ሐኪም ሸክም ይቅርብሽ አላት። ለድሬሰር ደግሞ ከሸክም መውጫው አንድ ነው፤ የፈረቃ ኃላፊ መሆን። ኃላፊ ስልክ ይቀበላል፣ መኪና ያሰማራል፣ ቃሬዛ አይነካም። ቦታው ክፍት ሲሆን ጣቢያው በሙሉ የተዋበች ነው አለ። እኔም ብያለሁ፣ አፌን ሞልቼ።

ታዲያ በዚያ ዘመን ሹመት በሙያ ብቻ አይገኝም። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበረ። ከዚያ የቀረ ሰው ንቃቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል፣ የተባለ ሰው ደግሞ እድገት የለውም። የክበቡን የስም መቆጣጠሪያ የምይዘው እኔ ነበርኩ። በውይይቱ ሰዓት ጥሪ ከመጣ አንድ ድሬሰር ከሹፌሩ ጋር ይወጣል። ተራው የእኔ ሲሆን ዳገቱ ይታየኝና «አንቺ ሂጂልኝ፤ በሥራ ላይ ብዬ እሞላልሻለሁ» እላታለሁ። ትሄዳለች። በዚያ ወገቧ ትሄድልኛለች።

አልሞላሁላትም። መጀመሪያ በስንፍና ነው፤ ማታ እሞላዋለሁ፣ ነገ እሞላዋለሁ ስል። ቦታው ክፍት መሆኑን ከሰማሁ በኋላ ግን... ማለቴ፣ መዝገቡ እጄ ላይ ነበር። እስክሪብቶ ነበረኝ። ገልጬ አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። ይሄን ስንፍና አትበሉት።

የምርጫው ቀን ሠራተኛው ተሰበሰበ። እጩዎቹ እኔና እሷ ነን። ከበላይ የተላከው ካድሬ መዝገቡን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠና በተዋበች ስም ትይዩ ሰባት ሰኞ ባዶ መሆኑን አነበበ። ጓዲት ተዋበች የት ነበረች ብሎ ጠየቀና ዞሮ እኔን አየኝ። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሆኖም ያኔ ከመዝገብ ጋር የሚከራከር ሰው የለምና አንገቱን ደፋ። መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። «እኔ ነኝ የላክኋት» ማለት ስንት ቃል ነው? ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ግን ይኸው ሆዴ ውስጥ ነቅዟል።

ተዋበች አየችኝ። ብትናገር እኔ በመዝገብ አጭበርባሪነት እያዛለሁ፤ የዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ልጆች እንዳሉኝም ታውቃለች። ወገቧን በእጇ ደግፋ ብድግ አለች።

«ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሰኞ ሰኞ እዘናጋለሁ» አለች።

መልካም ግለ ሂስ ነው ተባለና ተጨበጨበላት። እኔ ስመረጥም ተጨበጨበልኝ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ይሄን ስጽፍ እጄን ያቃጥለኛል።

ኃላፊ ሆኜስ ምን አደረግሁ? ተራዋን ለሌላ ድሬሰር እየሰጠሁ ላሳርፋት እችል ነበር፤ ሥልጣኑ ነበረኝ። ግን ጣቢያው ውስጥ ተቀምጣ ሳያት አንገቴን ታስደፋኛለችና ከፊቴ ዘወር እንድትልልኝ ስል ስልክ በተደወለ ቁጥር እሷን አሰማራኋት። ዳገት ለዳገት ሁለት ዓመት አስኬድኳት። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። በሕመም ጡረታ የምትወጣበትን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። «አገልግሎቷ አጥጋቢ ነበር» ብዬ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጻፍኩበት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ልናዘዝላት ቆርጬ ሽሮ ሜዳ ቤቷ ሄድኩ። መደብ ላይ ተጋድማለች። ከጎረቤት የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። ቁጭ ብዬ ቃል ሳመርጥ እሷ ቀደመችኝ።

«ያን ቀን ብናገር ይወስዱህ ነበር» አለች። «ልጆችህ ደግሞ ትንንሾች ነበሩ።»

ቁጣ የላትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ። ሁሉን ስታውቅ ኖራለች። የሚያስፈራኝ ነገር ሁሉ አልቋል፣ የቀረኝ ይቅር በይኝ ማለት ብቻ ነው። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ክረምቱ እንዴት ይዞሻል?»

ጣራው ትንሽ ያፈሳል፣ ግን ተመስገን አለችኝ። ቆቤን አንስቼ ወጣሁ። በዓመቱ ሞተች።

ዘመኑ ነው እንዳትሉልኝ፤ ዘመኑ እስክሪብቶዬን አልያዘብኝም። እናንተንም ይቅርታ አልለምናችሁም። ልትምረኝ የምትችለው ሴት ፊቴ ተኝታ ነበር፤ እኔ ስለ ክረምቱ ጠየቅኋት።