ለቃሬዛ የጠፋ ትከሻ

መምህር ወንድይራድ ሞተዋል። በሬዲዮ አልተነገረም፤ የሚያስነግርላቸው ዘመድም በዚህ አገር የለም። ስለዚህ ለምታውቋቸው ሁሉ እኔ ሞላ፣ ከገሳይ ከተማ በታች ያለሁት ገበሬ፣ እሳቸው ባስተማሩኝ ፊደል እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ካላማረ ይቅር።

ከሩቅ አገር ተመድበው ነው የመጡት። ቀን ለልጆቻችን የሰውን አካል ያስተምራሉ፤ ማታ እኛን ጎልማሶቹን ፊደል ያስቆጥራሉ። ትምህርት ቤቱ የአጥንት ሥዕል እንኳ አልነበረውም። እሳቸው በበዓል ቅርጫ ካረድነው በሬ አጥንቱን ለምነው ይወስዱና ቀቅለው ጣራ ላይ ያሰጡታል። ሲነጣ በየአጥንቱ ላይ ስሙን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። የራስ ቅል አንጎልን ይጠብቃል፤ የጎን አጥንት ለልብና ለሳንባ አጥር ነው፤ የጀርባ አጥንት እንደ ካብ የተደረደረ ነው። የእኛም እንዲሁ ነው ይሉን ነበር።

ሀሁ አልገባ ብሎኝ ልተወው ነበር። በሬ ስበልት የኖርሁ ሰው ነኝና አጥንቱን ሳይ ግን ጽሕፈቱ ተገለጠልኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁት ቃል «ትከሻ» ነው።

አንድ ማታ «መምህር፣ አጥንት የሚያሰጣ ጠንቋይ እየተባሉ ነው እኮ» አልኋቸው።

«በሬው ሳይከሰኝ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጣቴን ይዘው ከአንገቴ ሥር ወደ ትከሻዬ የተጋደመችውን ቀጭን አጥንት አስነኩኝ። «ይቺን ግድግዳው ላይ አታገኛትም፤ በሬ የለችውም። አንተ ግን ክንድህን ዘርግተህ የወደቀ እንድታነሣ ተሰጠችህ።»

በዚህ ክረምት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ድጥ ጣላቸውና ጭናቸው ተሰበረ። በክረምት መኪና እኛ ዘንድ አይገባም፤ እስከ ገሳይ አስፋልት በቃሬዛ ነው። ለታመመ፣ ምጥ ለጠናባት አገሩ ሁሉ ይወጣል፤ ልማዳችን ነው። ጉብታ ላይ ወጥቼ ጮህሁ።

«አረም ላይ ነን!» አለኝ አንዱ።

ሌላው፣ ልጁን ያስተማሩለት፣ «ያሰጣቸው አጥንቶች ይሸከሙት!» አለ። ተሳቀ።

እኔና ባለቤቴ አነሣናቸው። ዳገቱ ላይ ጉልበታችን ከዳን፤ ሲያቃስቱ አስቀመጥናቸው።

«ተወው ሞላ። ጭን ትልቁ አጥንት ነው፤ ሲሰበር ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈስ፤ አይታይህም» አሉኝ፤ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ። እኔም እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው ዳገቱ ላይ አረፉ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ለቀብር ወጣ። አረሙም ቀረ፤ ጥንቆላውም ቀረ። አስከሬናቸውን ለመሸከም ተጋፉ። ያ «አጥንቶቹ ይሸከሙት» ያለው ከፊት ነበረ፤ ያለቅሳል። ፊቱን ማየት አልፈለግሁም። ትከሻውን ግን አየሁት፤ ሰፊ ነው።

መምህር፣ «አፈሩ ይቅለልዎት» አልልም፤ አፈሩን የጫንንብዎት እኛው ነን። አጥንቶችዎ አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው፤ ክፍሉ ተዘግቷል፤ ጣራው ያፈሳል። በመስኮት ሳይ የማነበው ያው «ትከሻ» ነው። በሬ ያቺ አጥንት የለችውም ብለውኝ ነበር። ሳትኖረው ዕድሜውን ሙሉ ቀንበር ይሸከማል። እኛ እያለችን አንቱን ለመሸከም እስኪሞቱ ጠበቅን። ይሂዱ እንግዲህ፣ መምህር።