ሽማግሌዎቹ ዝም ያሉበት ጌም

መምህርት አያንቱ ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት አረፉ። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ብሳሳት እለፉኝ። በዕድሜ ልጄ ቢሆኑም አንቱ እላቸው ነበር። ለልጅ የሚቆም ሰው አንቱ ነው።

ኮምፒዩተር ያስተምሩ እንደነበር ታውቃላችሁ። ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ለልጆች የስልክ ጌም ይሠሩ ነበር። በጌሙ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። የግቢው በር ሲከፈት፣ ከአከፋፈቱ ብቻ አባቷ እንዴት ሆኖ እንደመጣ ታውቃለች። ቀበቶውን ሳይፈታ መደበቂያ ማግኘት አለባት።

የሰፈሩ ወላጆች ተቆጡ። አንድ ነጋዴ በረንዳው ድረስ መጥቶ፣ «መምህርት፣ ልጆቻችን ወላጅ እንዲንቁ ነው የሚያስተምሩት? ቢያንስ አባትየውን ጅብ ያድርጉት» አላቸው።

«ጅብ ውጭ ነው የሚጮኸው። ልጆቹ የሚፈሩት የበሩን ቁልፍ የያዘውን ነው» አሉት።

እኔም፣ «ደግሞስ ጅቡ ምን በደለ?» አልኩት። መምህርት ሳቁ። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

የልጅ ልጄ ሰሚራ እኔ ዘንድ ናት። አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ የገዛ ልጄ። ሲደበድባት ደርሼ ወሰድኳት። ልጄ ስለሆነ ጥፋቱ አይቀልም። መምህርት ጌሙን የሚሠሩት እሷን እየጠየቁ ነበር። የጌሙ አባት ልጅቷን በመታት ማግስት ብርቱካን ገዝቶ ሲገባ ባየሁ ጊዜ ግን ተናደድኩ። «ለዚህ ሰውዬ ብርቱካን ያሸክሙታል?»

«እማማ፣ ሰሚራ ናት የነገረችኝ። ብርቱካኑን ከደበቅነው፣ የምትጫወተው ልጅ ‹ይሄ የኔ አባት አይደለም› ትላለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ልጄ ብርቱካን ይገዛል።

በጌሙ መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ይመጣሉ፤ ልጅቷም የአባቷን ጉልበት ስማ ትታረቃለች። እኛ ዘንድ የበደለው ማንም ይሁን፣ ጉልበት የሚስመው ትንሹ ነው። ሰሚራ እዚያ ስትደርስ ስልኩን አስቀመጠች። «ይሄን አልነካውም» አለች።

መምህርት አልገሠጿትም። «እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ያን ክፍል አወጡት። በምትኩ ሽማግሌዎቹ ከአባትየው በፊት ልጅቷን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው እንዲጠይቁ ሊያደርጉ ነበር። ሽማግሌዎቹን ሥለው ጨረሱ። ድምፃቸውን ሳያስገቡ ታመሙ።

እሑድ እውነተኞቹ ሽማግሌዎች ቤቴ ይመጣሉ። ሰሚራን እንዲመልሱለት የላካቸው ልጄ ነው። አንደኛው ትናንት ለቅሶ ቤት አግኝቶኝ፣ «እማማ፣ ያቺ ጌም ሠሪም ሄደች። አሁንስ አይበቃዎትም?» አለኝ።

«እኔ አልሄድኩም» አልኩት። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

መምህርት፣ እሑድ አጠገቤ ሊቀመጡ ቃል ሰጥተውኝ ነበር። ቃልዎን አላፈረሱም፤ ሞት ነው ያስቀረዎት። ሰሚራ ዛሬም ጌሙን ከፍታ ታያለች። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አፋቸው አይከፈትም። «አያቴ፣ መቼ ነው የሚጠይቋት?» ትለኛለች።

እሑድ ሲያንኳኩ በሩን ሳልከፍት፣ «መጀመሪያ ልጅቷን ትጠይቃላችሁ?» እላቸዋለሁ። እምቢ ካሉ አልከፍትም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎም ሳይሠሩት ሄዱ፣ እኔም አላውቀውም። ደህና ይሁኑ፣ መምህርት።