ጋኦን የሚለውን ቃል ከማን እንደሰማሁት

ሰሞኑን አንድ ዲያቆን ቤቴ መጣ። አዲስ አበባ መንፈሳዊ ኮሌጅ የሚማር፣ ዘመድ ሊጠይቅ ላሊበላ የተመለሰ ልጅ ነው። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አወጣና፣ «መምህር፣ ዕብራይስጡ ትዕቢትን ጋኦን ይለዋል። ይኸው ቃል ሌላ ቦታ ደግሞ ለእግዚአብሔር ክብር ገብቷል። ግራ ገባኝ» አለኝ። እኔም ጋቢዬን ሰብሰብ አድርጌ፣ አርባ ዓመት ስናገረው የኖርኩትን ትርጓሜ አወረድኩለት። ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማኝና፣ «ከማን ተቀበሉት?» አለ። የእኛ ትምህርት ወጉ ይኸው ነው፤ ትርጓሜ ያለ ባለቤት አይነገርም።

«ከየኔታ ነው» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ከብርሃኔ ነው የሰማሁት።

ብርሃኔ ብሉይ ኪዳን ሊማር ከሙጃ ሲመጣ፣ እኔ የኔታ ዘንድ ሁለት ዓመት ቀድሜው ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ትምህርት ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ የተቀለሱ ጥቂት ጎጆዎች ነበሩ። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከእኛው ጋር ያድራል። የለመንነው የገብስ ቁራሽ ይረጥብና እሳት ዳር አድርቀን በጨው እንበላዋለን። ረሃቡንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ብርሃኔን ነው። እኔ ሳምንት የምለፋበትን ትምህርት እሱ ቁራሽ ሲለምን ውሎ ማታ ይወጣዋል። ቢኮራ እንኳ እፎይ ባልኩ ነበር፤ የምጠላበት ምክንያት ባገኘሁ። ወይ ፍንክች! አያ ደምሴ፣ አያ ደምሴ እያለ ውሃዬን ሳይቀር ይቀዳልኛል።

በእኛ ጉባኤ መጽሐፉ አንድ ነው። አንዱ ተማሪ የኔታ ፊት ተቀምጦ ግእዙን ያነባል፣ እሳቸው ይተረጉማሉ፣ ሌሎቻችን ዙሪያውን ሆነን እንሰማለን። መጽሐፉን የያዘ ተማሪ ነገ የመምህሩን ወንበር ይወርሳል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ያንን ቦታ ነበር። በሐምሌ አንድ ጠዋት የኔታ «ብርሃኔ፣ አንተ ያዝ» አሉ። «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ጉንጩን ሳምኩት።

በገነተ ማርያም መንገድ፣ ኢየሩሳሌም ገዳም ብዙ ዘመን ኖረው የተመለሱ አንድ አባ ነበሩ። ብርሃኔ ከጉባኤ በኋላ እየሄደ እንጨት ይለቅምላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ የዕብራይስጥ ፊደል ያስቆጥሩታል። «ና አብረን እንሂድ» ብሎኝ ነበር። እሱ ያገኘው ላይ መቀላወጥ መሰለኝና «ልብስ አጥባለሁ» አልኩት።

አንድ ቀን ዝናብ አብሰብሶት እየሮጠ መጣ። ጸጉሩን እንኳ ሳያደርቅ ይለፈልፍ ጀመር።

«አያ ደምሴ፣ ጋኦን ማለት ከፍታ ነው! ለእግዚአብሔር ሲነገር ግርማ፣ ለሰው ሲነገር ትዕቢት። ኤርምያስ ላይ ለዮርዳኖስም ተነግሯል አሉኝ። እኔ ግን ተከዜን አሰብኩ። በነሐሴ ሞልቶ ሲጮህ ውሃው የራሱ ነው? ከላይ የዘነበ ነው እንጂ! የእግዚአብሔር ከፍታ የራሱ ነው። ሰው ግን በተሰጠው ሞልቶ የራሴ ነው ሲል፣ ትዕቢት ይኼ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር እኔ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ሸምግዬ በሌላ ስም አልጠራውም፤ ቀናሁ፣ በቅናት ተቃጠልኩ።

«ነገ ለየኔታ ንገራቸው፤ ደስ ይላቸዋል» አልኩት።

ደስ እንደማይላቸው አሳምሬ አውቃለሁ። ከአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ሳያስፈቅዱ ከሌላ መማር፣ በእኛ ዘንድ መምህሩን መናቅ ነው። ብርሃኔ ግን እንጨት መልቀም እንጂ ሌላ መምህር መያዝ አልመሰለውም።

በማግስቱ ኢሳይያስን ሲያነብ ትዕቢት የሚለው ላይ ቆም አለና ያንኑ ተናገረ። የኔታ እስኪጨርስ ሰሙት።

«ከማን ሰማኸው?»

«ከኢየሩሳሌሙ አባ ነው፣ የኔታ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

ብርሃኔ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ደምሴ ነው ንገራቸው ያለኝ ማለት ይችል ነበር።

«አጥፍቻለሁ፣ የኔታ» አለ።

«እንግዲያ እዚያው ተማር። ደምሴ፣ መጽሐፉን ተቀበለው።»

ተቀበልኩት። ብርሃኔ ካቆመበት ማንበብ ቀጠልኩ።

ብርሃኔ የዚያኑ ቀን ጓዙን ጠቀለለ። «አጎቴ ወገል ጤና ከተማ ነው ያለው፣ እዚያ እሆናለሁ። አንተ በርታ» ብሎኝ ወረደ። በሦስተኛው ቀን የኔታ የቀረበላቸውን ምሳ ገፋ አድርገው ጠሩኝ።

«የዚያ ልጅ ነገር ካንጀቴ አልወጣ አለኝ። ነገሩስ መልካም ነበር፤ ተቆጥቼ ነው። ወዴት ሄደ? እባክህ ልከህ አስመልስልኝ።»

«አላውቅም፣ የኔታ። ሳይነግረኝ ነው የሄደ» አልኩ።

እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የዋሸሁት ሁሉ ከዚህ ያንሳል። ወንበሩን ወረስኩ። የብርሃኔን ትርጓሜም በየዐውደ ምሕረቱ የራሴ አስመስዬ ተናገርኩት።

ዲያቆኑ ከሄደ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ወገል ጤና የሚመላለስ አንድ ሾፌር የብርሃኔን ስልክ ቁጥር አፈላልጎ አመጣልኝ።

«አያ ደምሴ! አለህ እንዴ!» አለ ብርሃኔ። ምስር እያሳጨደ ነበር። ትርጓሜውን እንደሰረቅኩት ነገርኩት። «የቱን? ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ቀጥዬ የኔታ ልከህ አስመልስልኝ ብለውኝ እንደዋሸኋቸው ስነግረው ሳቁ ተቋረጠ።

«የኔታ ፈልገውኝ ነበር?» አለ፣ ድምፁ ቅጥን ብሎ።

«ምሳቸውን ትተው።»

«እንደጠሉኝ ነበር እኮ የማስበው። ይኼን ሁሉ ዘመን!»

ይረግመኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የኔታ ምን እንዳሉ፣ ደግሞ ምን እንዳሉ፣ እየመላለሰ አስደገመኝ። ያረጀ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁት።

ለዲያቆኑ ደውዬ «ከሙጃው ብርሃኔ ብለህ ጻፍ» አልኩት። እንዲህ ካደረግሁ ቅናቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። የኔታን እስኪሞቱ ድረስ ያስታመምኩ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ብለው ግን አንድ ቀን እንኳ ምሳ ገፍተው አያውቁም።