ለቆርቆሮ የጻፍኩት ወረቀት

ክፋት አስቤ የሠራሁት ቢሆን ኖሮ እስካሁን እረሳው ነበር። ደግ ልሁን ብዬ የሠራሁት ስለሆነ ነው የማይለቀኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሰላ ማዘጋጃ ቤት የሕንፃ ቴክኒሺያን ሆኜ ከሸዋ ተመድቤ መጣሁ። ያኔ ሜትርና ቱንቢ ከያዝኩ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው አሮጌ ሰፈር ከከተማው ሁሉ ቀድሞ የተቆረቆረ ስለነበር፣ እዚያ ቤት ለማፍረስ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አይቶ መወሰን ነበረበት። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሰፈር ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቤቱን የሠሩት የባላቸው አባት ናቸው፤ የምሰሶውን ጥድ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ በበሬ አስጎትተው እንዳመጡት ይወራል። ዙሪያውን በረንዳ ያለው ሰፊ ቤት ነው። ጣሪያው ግን ዝጎ ወንፊት ሆኗል። አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርረኝ እዚያ ተጠለልኩ። ቂንጬ አቀረቡልኝና፣ ከሸዋ የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ቀጭን ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። እየሳቁም አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ይገፋሉ፣ ጠብታው በሚወርድበት ሁሉ ድስትና ጣሳ ይደረድራሉ።

በዚያን ጊዜ ቆርቆሮ እንደ ልብ አይገዛም። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ባለሙያ ይመሰክራል፣ ከዚያ ወረፋ ነው። «ያፈሳል» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ይህን የማያውቅ የቢሮ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም እናጋንን ነበር። እኔም አጋነንኩ። ቱንቢዬን ስጥል ግድግዳው የዘመመው ሁለት ጣት ያህል ነው፤ እኔ «ቤቱ ክፉኛ ዘሟል፣ ምሰሶዎቹ ነቅዘዋል፣ ለሰው ሕይወት አስጊ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ምሰሶዎቹን ዞር ብዬም አላየኋቸው። ግልባጩን ለእሳቸው ሰጥቼ፣ ይህቺን እንዳይጥሏት፣ የሚጠይቅ ከመጣም እንዲያሳዩ ነገርኳቸው። ማንበብ አይችሉም። አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯትና መረቁኝ። እያፏጨሁ ነው ወደ ቢሮ የተመለስኩት።

ቆርቆሮው ሳይመጣ ቀበሌው ለአዳራሽ የሚሆን ቦታ ፈለገ፤ ዓይኑም የእሳቸው ግቢ ላይ አረፈ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌና እኔ። ሽማግሌው ይህ ቤት የሰፈሩ መጀመሪያ ነው፣ አይነካ አሉ። ሊቀ መንበሩ ይፍረስ አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አይፈርስም ልል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን ደንብ አክባሪ ሰው ነውና፣ መጀመሪያ አሮጊቷ ይጠሩ አለ። ሲገቡም ስለ ቤታቸው የሚሉት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው።

እሳቸው ቀስ ብለው መቀነታቸውን ፈቱ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ። «ይሄ ልጅ የጻፈልኝ አለ። እሱ ይናገርልኝ።»

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። ዘሟል ሲል፣ ነቅዘዋል ሲል፣ አስጊ ነው ሲል፣ እሳቸው ስለ ቆርቆሮው የሚወራ መስሏቸው «አዎ፣ አዎ» ይላሉ። አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ ፊርማው ያንተ ነው?»

ያኔ ውሸት ጽፌአለሁ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። በሐሰት ሪፖርት የመንግሥት ቆርቆሮ ሊያወጣ ነበር ከተባልኩ አሻጥረኛ ነኝ፤ አሻጥረኛ የት እንደሚገባ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። የኔ ነው አልኩ። ይፍረስ የሚል እጁን ያውጣ ሲባልም አወጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይበላኛል።

ቤቱ አልወድቅም አለ። በገመድ ጎተቱት፣ በመጥረቢያ ደበደቡት። ከኦጎልቾ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ላቡን እየጠረገ «መንኒ ኩን ሂን ኩፉ» አለ፤ ይህ ቤት አይወድቅም ማለቱ ነው። ምሰሶዎቹ ከጉድጓዳቸው የተነቀሉት በሦስተኛው ቀን ነው። አፈር ውስጥ የነበረው ጫፋቸው እንኳ ምንም አልሆነም፤ ሲጠረብ የጥዱ ሽታ ግቢውን ሞላው። ሊቀ መንበሩ ለአዳራሹ ይሆኑ እንደሆነ ጠየቀኝ። በዚህኛው ጊዜ አንድ በአንድ መርምሬ «ሁሉም ጤነኛ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ወረቀቴ እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ግን አልነበረም።

ለአሮጊቷ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ተሰጠቻቸው። ቆርቆሮዋ አዲስ ነው፣ አታፈስም። ወር ያህል በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ። በመጨረሻ ገበያ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ይሰድቡኛል ብዬ ቆምኩ፤ ምነው በሰደቡኝ።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺን ወረቀት ባላወጣት ኖሮ ቤቱ ይተርፍ ነበር? ጥፋቱ የኔ ነው መሰለኝ።»

«የእርስዎ አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው።

የማን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አላመኑኝም፤ ራሳቸውን እንደወቀሱ በዓመቱ ሞቱ።